ዋንዛው እንዲታይ፣ ውሃው እንዳይወጣ

እናቴ ማታ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃና በጨው ካልነከረች እንቅልፍ አይወስዳትም። ጉልበቷን ያማታል። ለዓመታት የምትጠቀመው በፕላስቲክ ሳፋ ነበር። ሳፋው ጠባብ ስለሆነ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ታነባብራለች። ውሃውም ቶሎ ይቀዘቅዛል። አንድ ማታ እግሯን እያደረቅሁላት፣ ልጅ ሳለች ጎጃም ቤታቸው ስለነበረው የዋንዛ ገበታ አጫወተችኝ። እንግዳ ሲመጣ እግሩን የሚያጥቡት በዚያ ነበር አለችኝ። «መልኩ ደግሞ! ማር የቀቡት ነበር የሚመስለው።»

ልሥራላት ብዬ የተነሳሁት ያን ማታ ነው። ከዋንዛ ጣውላ የሚሠራ፣ ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 20 ሴንቲሜትር የሆነ መታጠቢያ አሰብኩ። ቀለም አይነካውም። ዋንዛው በውስጥም በውጭም መታየት አለበት። ሥራው ከሰኔ እስከ ፋሲካ ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ተበላሸ። ሦስተኛው ግን ይኸው ከዓመት በላይ ሆነው፣ ጠብታም አላፈሰሰም። እኔ የእንጨት ባለሙያ አይደለሁም። ከቢሮ ስወጣ ማታ ማታና እሁድ እሁድ የምሠራ ሰው ነኝ። የአበባ ሣጥን፣ የእጅ መታጠቢያ ወይም ሌላ ውሃ የሚይዝ ነገር በእንጨት ለመሥራት የምታስቡ ከሆነ፣ እኔ የጨረስኩትን ጣውላና ጊዜ እንዳትጨርሱ ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ገና ጣውላውን ስገዛ ተፈጸመ። ሰኔ ነው፣ ዝናብ ነው። ሻጩ «ደረቅ ነው» አለኝ፣ አመንኩት። ጣውላው ከባድ ነበር። እጄን ሳሳርፍበትም ቀዝቀዝ ይላል። ሁለቱም የእርጥብ እንጨት ምልክት መሆናቸውን ያኔ አላወቅሁም።

ዛሬ የማንንም ቃል አልጠብቅም። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ከመሐል አካባቢ ትንሽ ቁራጭ እወስድና በወጥ ቤት ሚዛን እመዝናለሁ። ከዚያ 100 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ኦቭን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ በየሰዓቱ እያወጣሁ እመዝናለሁ። ያን የመጀመሪያ ጣውላ ዘግይቼ እንዲህ ስለካው 122 ግራም የነበረው ቁራጭ 100 ግራም ሆነ። ለ100 ግራም ደረቅ እንጨት 22 ግራም ውሃ ነበረበት ማለት ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚፈለገው ከ10 እስከ 12 ግራም አካባቢ ነው። ኦቭን ከሌላችሁ ጣውላውን ቤት አስገብታችሁ በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ እየቀነሰ እስከሆነ ድረስ መጋዝ አታንሱ።

እኔ ግን ቸኩዬ ነበር። ቆረጥኩ፣ በነጭ ኮላ አጣበቅሁ፣ ወለሉን ዙሪያውን በሚስማር መታሁት። ሲያዩት ያምር ነበር። እናቴ ገና ሳያልቅ ጎረቤት ጠርታ አሳይታለች።

ቀጥሎ ውሃ መከላከያው መጣ። እናቴ «ቅቤ ቀባው፣ እኛ እንደዚያ ነበር የምናደርገው» አለችኝ። ቅቤ እንደሚሸት ስለማውቅ ኑግ ዘይት ይሻላል አልኩ። ሁለት ጊዜ ደህና አድርጌ ለቀለቅሁት። ዋንዛው በአንዴ ተለወጠ። የእንጨቱ መስመሮች ከውስጥ ብርሃን የተሰጣቸው ይመስል ብቅ አሉ። በደስታ አደርኩ። ጠዋት ስነካው ያጣብቃል። ከሳምንት በኋላም ያጣብቃል። አቧራ ያዘ፣ ትንኝ ሁሉ ተለጠፈበት።

ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። ተልባና ኑግ ከአየር ኦክስጅን እየወሰዱ ቀስ ብለው ይጠነክራሉ። ቅቤና የወይራ ዘይት ግን ጭራሽ አይደርቁም። የሚደርቀውም ቢሆን በስሱ ካልተቀባ ላዩ ብቻ ቆዳ አውጥቶ ሥሩ እንደረጠበ ይቀራል። ዘይት ስትቀቡ ከ15 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። እንጨቱ የጠጣው ብቻ ይበቃዋል። ያልተፈላ የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብቶም ለመድረቅ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ዘይት የተቀባ ሣጥን ደግሞ ውሃ የሚይዝ ሣጥን አይደለም። ዘይት ውሃን ያዘገያል እንጂ አያቆምም። ሁለት ሊትር አፍስሼ ሰዓት ሳይ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በአራቱም ማዕዘን መንጠብጠብ ጀመረ። ነጩ ኮላም እየለሰለሰ መጣ። ተራው ነጭ ኮላ ሲደርቅ ብርቱ ቢመስልም ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይለቃል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ አንድ አደጋ ልንገራችሁ። ኑጉን ፍቄ በተልባ ዘይት ስተካው የተጠቀምኩባቸውን ጨርቆች ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ ከተትኳቸው። ማታ ፌስታሉን ሳነሳ ይሞቃል። ውስጡ ጨርቁ ሊነካ የማይቻል ትኩስ ነበር፣ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ተጨምድዶ የተቀመጠ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና እየተጠራቀመ፣ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ፌስታሉ የነበረው እናቴ ከምትተኛበት ክፍል በር ሥር ነው። እባካችሁ ዘይት የነካ ጨርቅ ዘርግታችሁ ደጅ አስጡት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ለማዕዘኖቹ ሲሊኮን ገዛሁ። መገጣጠሚያዎቹን በሲሊኮን ደፍኜ ከላይ ቫርኒሽ ልቀባ ነው ሐሳቤ። ሲሊኮኑ ያለበት ቦታ ላይ ቫርኒሹ አልይዝ አለ። ክብ ክብ ቀዳዳ እየሠራ ወደ ጎን ይሸሻል። በሲሊኮን የተነካካው ጣቴ ያረፈበት ቦታ ሁሉ እንደዚያው ሆነ። ሲሊኮን ላይ ቀለምም ቫርኒሽም ኮላም አይይዝም። ከእንጨት ላይ ሙልጭ አድርጎ ማስለቀቅም ከባድ ነው። ከላዩ ሌላ ነገር ለመቀባት ካሰባችሁ ሲሊኮኑን ከሥራው ቦታ አርቁት።

እንደምንም አስተካክዬ ውስጡንና ጎኑን ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁ። ከሥሩ ማን ያየዋል ብዬ ተውኩት። ለሦስት ሳምንት ያህል ውሃ ያዘ። እናቴ በየማታው እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችበት። እኔም ጨርሻለሁ ብዬ መሣሪያዬን ሰበሰብኩ።

ታኅሣሥ ላይ ነው። የክረምቱ እርጥበት አልፎ የአዲስ አበባ አየር ደርቋል። አንድ ሌሊት ከሳሎን ጧ የሚል ድምፅ ሰማን። ጠዋት ሳየው ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከቫርኒሹ ሥር ስለተሰራጨ፣ ያ ውብ ዋንዛ እዚህ ጥቁር እዚያ ነጭ ጠቃጠቆ ጣለ። እናቴ ጎንበስ ብላ ዳሰሰችውና «ተወው ልጄ፣ ሳፋው ይበቃኛል» አለችኝ። ያን ቀን በጣም ከፋኝ።

መለስ የሚያደርገኝ ሰው ያገኘሁት በዚያው ሳምንት ነው። ከሰፈራችን ትንሽ ራቅ ብሎ በርና መስኮት የሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጺ አሉ። የተሰነጠቀውን ተሸክሜ ሄድኩ። ገለበጡት፣ ሥሩን አዩት፣ ምንም አላሉም። ከወደቁት ቁርጥራጮች አንድ ዋንዛ አነሱ። ጣታቸውን ውሃ ነክረው በጣውላው ፊት ላይ አንድ ጠብታ፣ በተቆረጠው ጫፍ ላይ ሌላ ጠብታ አሳረፉ።

«እየው» አሉኝ። ፊቱ ላይ ያለው ጠብታ ክብ ሆኖ ቁጭ ብሏል። የጫፉ የለም።

«እንጨት የሚጠጣው በአፉ ነው። አንተ ሆዱን ነው የቀባኸው።»

«ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ እኮ ነው የቀባሁት» አልኳቸው።

«አሥር ጊዜ ብትቀባውስ? አፉ ክፍት ነው፣ ሥሩ ክፍት ነው። ወለሉን ደግሞ ዙሪያውን ቸንክረህ ይዘኸዋል። ክረምት ሊሰፋ፣ በጋ ሊጠብ ይፈልጋል። መሄጃ ስታሳጣው ምን ያድርግ?»

ስለ እናቴ ገበታም ነገርኳቸው። ያ ገበታ እኮ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው አሉኝ። መገጣጠሚያ ስለሌለው በመገጣጠሚያ አያፈስም። በየቀኑ ስለሚሠራበትም እንደ ልቡ ደርቆ አይሰነጠቅም። የእኔ ግን ከብዙ ቁራጭ የተሰፋ ሣጥን ነው። ለወራት ምን እንደምቀባው ስጨነቅ ኖሬ፣ መጀመሪያ እንጨቱ እንዴት እንደሚጠጣና እንዴት እንደሚንቀሳቀስ መጠየቅ ነበረብኝ።

እንጨት በርዝመቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል። በወርዱ ግን ይለወጣል። 40 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ወለል በክረምትና በበጋ መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ሊሰፋና ሊጠብ ይችላል። ይህን እንቅስቃሴ ሚስማር አያስቆመውም። ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው መንቀሳቀሻ መስጠት ነው። ውሃ የሚይዝ ሣጥን ላይ ይህ ያስቸግራል፣ ክፍተት የተተወበት ቦታ ሁሉ ማፍሰሻ ይሆናልና። ሁለተኛው በደንብ የደረቀ እንጨት ወስዶ በሁሉም ፊቱ ማሸግ ነው። ያኔ እርጥበት መግባቱም መውጣቱም ሙሉ በሙሉ ባይቆም እንኳ በጣም ስለሚዘገይ እንጨቱ አይናወጥም። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ።

አዲስ ጣውላ ገዝቼ ሳሎን ውስጥ በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እያደረግሁ ደረደርኳቸው። ጫፎቻቸውን በተረፈ ቀለም ቀባሁ። ጫፉ ከመሐሉ ቀድሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴ በጣውላ መሐል እየተሽሎከለከች ነበር የምታልፈው። አንድም ቀን አላማረረችም። የካቲት መጨረሻ ላይ ሚዛኑ ለ100 ግራም ደረቅ እንጨት 11 ግራም አካባቢ ውሃ አሳየኝና ጀመርኩ።

ለወለሉ አንድ ሰፊ ጣውላ በመጠቀም ፋንታ ወርዳቸው 8 ሴንቲሜትር የሆኑ ቁራጮች ጎን ለጎን አጣበቅሁ። በአራቱ ጎኖች ውስጠኛ ክፍል ታች ላይ ቦይ አወጣሁ። ወለሉ ቦዩ ውስጥ ይገባል እንጂ ከሥር አይመታም። ሚስማር የሚባል ነገር የለም። ማጣበቂያውም ኢፖክሲ ነው፣ ያ ለሬዚን ጠረጴዛ የሚሸጠው፣ ሁለት ፈሳሾች ሲደባለቁ የሚጠነክረው። መርካቶ አለ። ከእንጨቱ በላይ ነው ያወጣሁበት። ግን ውሃ የማያስለቅቀው፣ ጠጣር የሆነና እንደ መስታወት የሚያሳይ ሌላ ነገር እኔ አላገኘሁም።

ከመቀባታችሁ በፊት በብርጭቆ ወረቀት በ80፣ ከዚያ በ120፣ ከዚያ በ180 ቁጥር አለስልሱት። እንጨቱ ባደገበት አቅጣጫ ብቻ ሂዱ። አግድም የተፋቀ ጭረት በእጅ ባይታወቅም ኢፖክሲው ሲነካው ጎልቶ ይወጣል። መጨረሻ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ዳበስ አድርጉት። የተኛው ፀጉር መሰል የእንጨቱ ቃጫ ይነሳል። ሲደርቅ እንደገና በ180 ቀለል አድርጋችሁ አንሱት። ከዚህ በላይ ማለስለስ አያስፈልግም፣ ኢፖክሲው የሚይዝበት ሻካራ ነገር ይፈልጋል።

ደግሞ በተረፈ ቁራጭ ላይ ሳትሞክሩ ዋናውን አትንኩ። እኔ አራት ቁራጮች ላይ ሞክሬያለሁ። በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ዋንዛን ወደ ማር ቀለም ይወስደዋል። በውሃ የተሠራው እንደነበረ ይተወዋል፣ እንዲያውም ትንሽ ያገረጣዋል። ለእኔ የእናቴ «ማር የቀቡት» የምትለው ነበር የሚፈለገው።

ኢፖክሲ ሲደባለቅ በዓይን መገመት አይቻልም። አንዱ ዓይነት አንድ ለአንድ፣ ሌላው ሁለት ለአንድ ነው። ጣሳው ላይ የተጻፈው በክብደት ይሁን በይዘት ለዩ። ቢበዛ ወይም ቢያንስ ለዘላለም እንደለሰለሰ ይቀራል። በጥቂት በጥቂቱ ደባልቁ፣ ብዙው አንድ ኩባያ ውስጥ ከቆየ በራሱ ግሎ ይጠነክራል። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ቆዳ ላይ ደጋግሞ ሲነካ አለርጂ ያስይዛል።

መጀመሪያ በጣም ስስ አድርጌ ሁሉንም ፊት ቀባሁ። ውስጥ፣ ውጭ፣ ሥሩን፣ የላይኛውን ጠርዝ። ጫፎቹን ግን አንዴ ቀብቼ አልተውኳቸውም። ቆሜ አየኋቸው። ሲጠጡ ደገምኩ፣ ሲጠጡ ሠለስኩ። ማብረቅረቅ ሲጀምሩና መጠጣት ሲያቆሙ ነው የተውኳቸው። አዛውንቱ ያሳዩኝ ጠብታ ከዓይኔ አልጠፋም። ይህ የመጀመሪያ ስስ ቅብ ሌላም ጥቅም አለው። ከእንጨቱ የሚወጣውን አየር ስለሚዘጋው በሚቀጥለው ቅብ አረፋ አይነሳም። ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። ጠዋት ክፍሉ እየሞቀ ሲሄድ እንጨቱ አየር ይተፋል፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ ግን ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ወደ አመሻሹ ቀቡ። ክፍሉ ግን ሌሊት እንዳይበርድ። የአዲስ አበባ ሌሊት ሲበርድ ኢፖክሲው ይዘገያል፣ ላዩም ላይ ሰም የመሰለ ነገር ይወጣል። ያ ከታየ ሳትፈጉት በፊት በውሃና በሳሙና እጠቡት።

የውስጥ ማዕዘኖቹ ላይ የሠራሁት ከሁሉም የምወደው ነው። ከዚያው ዋንዛ የወጣውን በጣም ደቃቅ ሰጋቱራ ከኢፖክሲ ጋር እንደ ወፍራም ገንፎ አሸሁ። ማዕዘኑ ውስጥ ሞልቼ በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ አድርጌ ሳብኩት። ሹል የነበረው ማዕዘን ክብ ሆነ። ቀለሙ ከጣውላው ትንሽ ጠቆር ይላል፣ ግን የራሱ የዋንዛው ነው። ከሩቅ ሲያዩት ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ይመስላል። ለማጽዳትም ይመቻል፣ ቆሻሻ የሚደበቅበት ጥግ የለም።

ውስጡን በድምሩ ሦስት ጊዜ ኢፖክሲ ቀባሁ። ኢፖክሲ ፀሐይ ሲመታው ቢጫ ይሆናል፣ ስለዚህ ሁሉንም ፊት ፀሐይ በሚከላከል የውጭ በር ቫርኒሽ ሸፈንኩት። የመጀመሪያውን በአኳራጃ አቅጥኜ፣ የቀሩትን ሦስቱን እንዳሉ። በየመካከሉ 24 ሰዓት ጠብቄ በ320 ቁጥር ዳበስ አድርጌ፣ አቧራውን ጠርጌ። የማያብረቀርቅ መልክ ከወደዳችሁ መጨረሻውን ብቻ የማያብረቀርቅ አድርጉት። ድምቀቱን የሚያጠፋው ዱቄት በየቅቡ ከተደራረበ እንጨቱ ላይ ጭጋግ ይጥላል፣ የእንጨቱ መስመርም ይደበዝዛል።

ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር። በማግሥቱ እጅ ላይ ስለማያጣብቅ ደርቋል ማለት አይደለም። ሦስት ሳምንት ውሃ አላስነካሁትም። ሲደርስ ጋዜጣ አንጥፌ አስቀመጥኩትና 15 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼ አሳደርኩት። ጋዜጣ ጥሩ ነው፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ብትወድቅ ምልክቷ አይጠፋም። ጠዋት ገና ሳልታጠብ ሄጄ አየሁ። ወረቀቱ ደረቅ ነው።

ለእናቴ የሰጠኋት ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ውሃውን አዘጋጅቼ ጠበቅኋት። ልጄና እኔ እግሯን አጠብናት። እሷ ግን እግሯን ሳይሆን ውሃው ውስጥ የሚታየውን ዋንዛ ነበር የምታየው። ውሃ ሲሞላበት መስመሩ ይበልጥ ይጎላል። «ይኸውልህ፣ ማር» አለች።

አጠቃቀም ላይ የተማርኳቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ኢፖክሲ ብዙ ሙቀት ያለሰልሰዋል። የፈላ ውሃ በቀጥታ አንገለብጥበትም። ቀዝቃዛው ይቀድማል፣ የሞቀው ይከተላል። ሙቀቱንም እናቴ እግሯን ከማስገባቷ በፊት በክርኔ እለካለሁ። በተለይ ስኳር ያለባቸው ሰዎች እግራቸው ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል ይህን አትዝለሉ። ከታጠበች በኋላ ውሃውን ደፍተን በጨርቅ አብሰን ጥላ ውስጥ ዘንበል አድርገን እናስቀምጠዋለን። በሽቦ አይፈገፈግም። እህል ወይም የሚጠጣ ነገር ለሚያዝበት ዕቃ ግን እኔ የተጠቀምኩትን አትጠቀሙ። ለእህል ዕቃ በደንብ የደረቀ ንጹሕ የተልባ ዘይትና የንብ ሰም ይበቃል። ሱቅ ውስጥ «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ግን ማድረቂያ ኬሚካል ሊኖርበት ስለሚችል ለምግብ ዕቃ አይሆንም።

ባለፈው ወር የልጄ መጫወቻ መኪና ወለሉ ላይ ጥልቅ ጭረት ትታ አገኘሁ። ጭረቷ እስከ እንጨቱ ደርሳ ነበር። ለሁለት ቀን አደረቅሁት፣ ዙሪያዋን ፈግቼ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ሁለት ጠብታ ኢፖክሲ ሞላሁባት፣ በማግሥቱ ቫርኒሽ ደገምኩ። እናቴ ለጥቂት ቀናት ወደ ሳፋው ተመለሰች። በየማታው «ደረቀ?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር።